ታህት

በሎፎተን ደሴት፣ በወደቡ ዳርቻ፣
ሁለት ደብተር አላት ጉንቮር፣ ሁለት ብቻ።
ባንዱ የውሃው ሙቀት ከልማዱ ሲርቅ፣
ሲወጣም ሲወርድም፣ በነጥብ ሲደቅቅ፤
በሌላው የጀልባው፣ የኮድ ዓሣ ብዛት፣
ከወትሮው ጎድሎ ወይ ተርፎ ሲያድርበት።
ማታ ነፋስ ገብቶ መብራት ሲያንገላታ፣
ዓሣውን ለሙቀት ታካፍላለች ተግታ፤
ዓሣው ላዕል ሆኖ ከሰረዙ በላይ፣
ሙቀት ታህት ሆኖ፣ ተሸካሚ፣ ዝም ባይ።

ከበርገን አለቃዋ ደብዳቤ ይልካል፤
«አንድ ቁጥር ስጪኝ፤ አማካዩ ይበቃል።
ላንድ ዲግሪ ለውጥ ስንት ዓሣ ይመጣል?
ብዙ ቀን ደምሪ፤ ስሕተት ከስሕተት ይጣፋል፤
እውነቱ እንደ አተላ ከሥር ይዘቅጣል።»

ዐሥር ዓመት ደመረች። ሊረጋ ሆነና
ሰባት ከግማሽ ላይ ተቀመጠ፣ ደህና።
ደብዳቤውን ጻፈች፤ ፖስታውን አሸገች፤
ቴምብር ልታስገዛ ቶርጊልስን ጠራች።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ የካቲት ሲገባ፣
ውሃው ከልማዱ እኩል ሊሆን ሲግባባ፣
የቀረው ልዩነት ከዜሮ ጥቂት ዘለል፣
የዝንብ ክንፍ ያህል፣ ቢኖር የማይቆጠር፣ ቢቀርም የማይጎድል።
ዓሣው እንደ ወትሮው፤ ተረፍ ያለ ነገር።
አካፈለች። ወጣ፦ ዐሥራ አንድ ሺሕ ቁጥር!
ዐሥር ዓመት የረጋው አማካይ ተነቅሎ፣
እንደ ሰከረ ጀልባ ገመዱን በጥሶ ጥሎ፣
ሄደ።

ቴርሞሜትሩን አየች፤ ንጹሕ ነው፤ አልዋሸም።
«ሰርዢዋ» አለ ቶርጊልስ፣ «አንዲት ቀን አትጎዳም።»
ላጲሱን አነሳች። እጇ ግን እምቢ አለ።
ያ ቀን ዓሣም ነበረው፤ ሰውም በልቶት ውሏል።

ይህ ነው የታህት ነገር፤ ትሁት ሲሆን ታህቱ፣
ከዜሮ እግር ሥር ሲደፋ በፊቱ፣
ላዕል ሰማይ ነካ ሳይጨምር ጉልበቱ።
ጸጉር ታህል አልፎ ወዲያ ማዶ ቢወድቅ፣
በዚያው ጉልበት ገፍቶ ይጥለዋል ከጥልቅ።

ደግሞ ዐሥር ዓመት። ደግሞ ሌላ ዐሥር።
ዛሬ ዐርባ ቢሆን፣ ነገ ከዜሮ ሥር።
የሺሕ ቀን አማካይ ካንድ ቀን አልበለጠ፤
ያረጀው ድምር እንደ ልጅ ቀበጠ።

አንድ ሌሊት እርሳሱን ከጆሮዋ ሰክታ፣
ዕድሜዋን አሰበች፣ በዚያው ስሌት፣ በዚያው ማታ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደጇ የሚያልፉ
ለቀን ሲካፈሉ ጥቂት ጥቂት ተረፉ።
አንዱ ግን፣ ከሪጋ፣ ገመድ የሚሸጠው፣
የጀልባው ሞተር ጠፍቶ እስኪያስነሣው፣
ስድስት ደቂቃ ቆመ ከመጋዘኑ በር፤
ጠየቃት፦ «እመቤት፣ ምን ይሆን ይህ ቁጥር?»
ማንም ጠይቋት አያውቅም። ነገረችው። አልሳቀም።
ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ፤ ስሙን እንኳ አታውቅም።
ላዕሉ ትንሽ ነበር፤ ታህቱ ስድስት ደቂቃ፤
እስከ ዛሬ ድምሯን ያናጋል፣ ሌሊት ስትነቃ።

ሲነጋ ጻፈች፦
«ጌታዬ ሆይ፣ አማካይ የለውም ይህ ነገር።
የዘገየ አይደለም፤ ድሮም አልነበር።
ያንን የካቲት ብፍቅ ቁጥር ይወጣለት፤
ቀኑ ግን ሆኗል፤ እንዴት ልበለው ስሕተት?
መሃል ከፋይ አለው፤ እሱን እልካለሁ፤
ግማሹ ቀን ከላይ፣ ግማሹ ከታች፤ እዚያ ቆሜያለሁ።»

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፣ ባጭር፦
«ደብዳቤሽ ደርሶናል፤ ረስተሻል ቁጥር።»

አንብባ ሳቀች። ለአራት አጠፈችው፤
ካጠረው የጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀችው፤
በመዳፏ ጫን ብላ ከላይ ሞከረችው።
ጠረጴዛው ረጋ።